ስለ ቅዳሜው ውይይት
ሰላም ቤተሰብ፣ ቅዳሜ ስለ ኢቮሉሽን፣ ማለትም ሕያው ነገር በረጅም ዘመን እየተለወጠ አዲስ ዝርያ ይመጣል ስለሚለው ሀሳብ፣ ስናወራ አንዱ ልጅ "አንተ እምነት የለህም" ተብሎ ዝም ማለቱ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ሳይንሱ እኮ ሰው አሁን ከምናየው ዝንጀሮ መጣ አይልም፣ የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው የሚለው። ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ጅማ በየቀኑ የምንጠጣው ቡና ራሱ፣ አረቢካውን ማለቴ ነው፣ ሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው የመጣ ነው፣ ለዛም ነው የነሱ ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከመው ክር) እያንዳንዳቸው 22 ሆኖ የሱ የሁለቱ ድምር 44 የሆነው፣ እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። ይሄን መቀበል ደግሞ ከፈጣሪ መጣላት አይደለም፣ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም እምነቱንና ሳይንሱን አስማምተው የያዙ ብዙ አሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሀሳቡን እንሞግት እንጂ የሰው እምነት አንመዝን፣ ልጁንም የምታገኙት በናታችሁ እንዲመጣ ንገሩልኝ።