ለደንበኞቻችን፦ ስለ ጨዋታ ኮዳችን አዲስ ዋጋ እና ስለ ዘገዩት ኮዶች

ጎንደር፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የገበጣ የኮምፒውተር ጨዋታችን ኮድ፣ ማለትም ጨዋታውን ከኢንተርኔት መደብር የሚከፍተው የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ ፒያሳ በሚገኘው ቢሯችን የሚሸጥበት ዋጋ ከ280 ብር ወደ 590 ብር ከፍ ይላል። ገንዘቡን አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ኮዱ እስካሁን ያልደረሳችሁ ደንበኞች በቀድሞው ዋጋ፣ አንድም ብር ሳትጨምሩ ትቀበላላችሁ። የጭማሪው ወሬ ከተሰማ ወዲህ ቢሮ ድረስ መጥታችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። አንድ ደንበኛችን የኮዱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ «ይህ እኮ 15 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ጤፍ አይደለ፣ ምን ተወደደበት?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቃል ከምናድበሰብሰው በጽሑፍ ብንመልሰው ይሻላል ብለናል።

ጨዋታው የሚታተመው ስቲም በተባለው የኢንተርኔት መደብር ነው። መደብሩ ለአንድ ጨዋታ መግቢያ 100 ዶላር ያስከፍላል፤ በራሱ በኩል ከሚሸጠው እያንዳንዱ ቅጂም 30 በመቶ ይወስዳል። ከዚህ ውጪ ለአሳታሚው፣ ማለትም ለእኛ ለጨዋታው ባለቤቶች፣ ራሱ የሚሸጠውን ኮድ ይሰጠዋል፤ በዚህ ኮድ ላይ መደብሩ ምንም አይቆርጥም። መደብሩ ዋጋውን በብር ስለማያሳይ፣ ደንበኞቻችንም በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሌላችሁ፣ በቴሌብር ወይም በጥሬ ገንዘብ ልንሸጥላችሁ የቻልነው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ኮዱ የሚሰጠን፣ ከመደብሩ የሚገዛውን ሰው የሚጎዳ የተለየ ዋጋ በሌላ ቦታ እንዳንሸጥበት በሚል ግዴታ ነው።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. 280 ብር ብለን ስንተምን አንድ ዶላር 56 ብር ገደማ ስለነበር፣ ዋጋው በመደብሩ ከተለጠፈው 4 ዶላር ከ99 ሳንቲም ጋር የተስተካከለ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ግን የብሩ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ወረደ፤ ዛሬ አንድ ዶላር ከ140 ብር በላይ ነው። እኛ ደግሞ፣ ደንበኛ እንዳይሸሸን በመፍራት፣ 280ውን ሳንነካ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየን። በዚህም የተነሳ በጎንደር ከ2 ዶላር በታች የምንሸጠውን ጨዋታ የውጭ አገሩ ገዢ በ5 ዶላር ገደማ ይገዛው ነበር። ይህን ልዩነት ከእኛ ቀድሞ ያየው አንድ ገዢ ነው። በሐምሌ ወር መጨረሻ በአንድ ቀን ከእኛ 40 ኮድ ገዛ፤ እኛም የትምህርት ቤት ክበብ መስሎን አመሰገንነው፣ ሻይም ጋበዝነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮዶቹ በኢንተርኔት በዶላር እየተቸረቸሩ መሆኑን ደረስንበት። ጥፋቱን በገዢው ላይ ብቻ አናላክከውም፤ በሩን ከፍተን የተውነው እኛው ነን።

የኮዱ መዘግየትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የነበረን ኮድ ካሰብነው ቀደም ብሎ አለቀ፤ ተጨማሪ ኮድ የሚገኘው ደግሞ በጥያቄ ነው፣ ጥያቄውም ጨዋታው በመደብሩ ከሚሸጠው መጠን ጋር ተነጻጽሮ ይታያል። በመደብሩ ጥቂት እየሸጠ እጅግ ብዙ ኮድ የሚጠይቅ አሳታሚ ማብራሪያ ማቅረቡ አይቀርም። ዋጋችንን ሳናስተካክል ጥያቄ ማቅረቡን ስላልደፈርን ነገሩን ስናዘገይ፣ የከፈላችሁ ደንበኞች ባዶ እጃችሁን ቀራችሁ። በዚያ መካከል ክፍያ መቀበላችንን ማቆም ነበረብን፤ አላቆምንም፤ ለዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን።

«በውጭ አገር በዶላር እየሸጣችሁ ለእኛ ለምን ትጨምራላችሁ?» ለሚለው ደግሞ ሒሳቡን እንዳለ እናሳያችሁ። አንድ አሜሪካ ያለ ሰው በ4 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲገዛ፣ መደብሩ 30 በመቶውን ወስዶ 3 ዶላር ከ49 ሳንቲም ይቀራል። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ድርብ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት ስለሌለ፣ ከዚህ ቀሪ ላይ ሌላ 30 በመቶ በተቀናሽ ታክስ ይያዛል፤ ለእኛ የሚደርሰው 2 ዶላር ከ44 ሳንቲም ገደማ፣ ማለትም ከዋጋው ግማሽ በታች ነው። ባንክ ለማስተላለፊያ የሚቆርጠው፣ የአገር ውስጡም ግብር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በቅናሽ ሰሞን በግማሽ ዋጋ የተሸጠ ሲሆን ደግሞ ይህም በግማሽ ይወርዳል። ከመደብሩ የተገዛ ጨዋታ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወቱበትና 14 ቀን ካላለፈው ገንዘቡ ይመለሳል፤ የእኛ ጨዋታ የታሪክ ክፍል በአንድ ሰዓት ተኩል ስለሚያልቅ፣ እስከ መጨረሻው ተጫውቶ፣ አመስግኖ የሚመልስ ገዢ አለ። ሕጉ ሕግ ነውና አንከራከረውም፤ ምስጋናው ግን ሁልጊዜ ያስቀናል።

አራት ሰዎች ነን፤ ሁለታችን ሙሉ ጊዜያችንን፣ ሁለታችን ከማስተማር ሥራ በሚተርፈን ሰዓት እንሠራለን። ሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ በነበረበት ወቅት የጨዋታውን የመጀመሪያ ቅጂ ወደ መደብሩ ያደረስነው ከመካከላችን አንዱ ሃርድ ዲስኩን በጃኬቱ ውስጥ ይዞ አዲስ አበባ ድረስ በመሄድ ነው። ያንን ጉዞ ዋጋው ውስጥ አናስገባውም፤ ለአፕዴት (ለጨዋታው ማሻሻያ) ግን በየወሩ የምንከፍለው ሥራ አለ።

ስለዚህ የወሰንነው እንዲህ ነው። የብሩን ዋጋ ወደ 740 ከማድረስ ይልቅ የመደብሩን የዶላር ዋጋ ወደ 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ዝቅ አደረግን፤ አንዱን ዶላር በ148 ብር አስልተን 590 ብር ላይ የደረስነውም በዚህ ነው። ከውጭ ሽያጭ የሚቀንስብንን እንችለዋለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ምንዛሪው ከተለወጠ ዋጋውን በየስድስት ወሩ እናየዋለን እንጂ በየሳምንቱ አናወዛውዛችሁም። ለአንድ ሰው ከሁለት ኮድ በላይ አንሸጥም፤ ለትምህርት ቤት ወይም ለክበብ ከሆነ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ።

ከእኛ በኮድ የገዛችሁ ደንበኞች በመደብሩ የጻፋችሁት አስተያየት በድምር ውጤቱ ውስጥ አለመቆጠሩን እኛ ደብቀነው እንደሆነ የጠረጠራችሁ አላችሁ። ከ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በኮድ የተገኘ ጨዋታ ላይ የሚሰጥ አስተያየት ይነበባል እንጂ በውጤቱ አይታሰብም። ስለ ገበጣ ሕግ የምትጽፉትን ግን አንድ በአንድ እናነባለን፤ በየአካባቢው አጨዋወቱ ስለሚለያይ «ይህ ገበጣ አይደለም» የሚለው ቅሬታ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይመጣል።

በኮድ የተገዛ ጨዋታን ገንዘብ መደብሩ ስለማይመልስ የምንመልሰው እኛ ነን፤ የምንከተለውም ያንኑ የሁለት ሰዓትና የ14 ቀን ልክ ነው። ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንደተጫወተ ካሳየን በኋላ፣ ስክሪኑ ላይ «ጓደኛ» የሚለው ቃል «ጓ» በሚገኝበት ቦታ ባዶ ሳጥን አድርጎ «ደኛ» ብቻ እንደሚያሳይ አመለከተን። ፊደሎቹን ለጨዋታው ስናዘጋጅ «ቋ»፣ «ጓ»፣ «ኳ» እና መሰሎቻቸውን ዘለን ነበር። ሰዓቱ ቢያልፍም ገንዘቡን መልሰንለታል፤ እሱ ግን ጨዋታውን ማስቀረት ፈልጎ ነበርና ኮዱን አልሰረዝንበትም። ማስተካከያው በኅዳር ወር የመጀመሪያ ሳምንት በሚወጣው አፕዴት ይካተታል።

ኮድ ያልደረሳችሁ ደንበኞች የቴሌብር መልእክታችሁን ወይም የእጅ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት፣ ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት፣ ቢሯችን እንድትመጡ እንጠይቃለን። ከጎንደር ውጪ የምትኖሩ የከፈላችሁበትን ስልክ ቁጥር ብቻ በጽሑፍ መልእክት ብትልኩልን ኮዱን በዚያው ስልክ እንልካለን። መጠበቁ የሰለቸውና ገንዘቡን የሚመርጥም ካለ 280 ብሩን በዕለቱ እንመልሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች