ስለ ጄኔው የጭቃ መስጊድ ለልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔም እናትሽም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለፈው ስትደውዪ በትምህርት ቤት «ጭቃ ለታላቅ ሕንፃ አይሆንም» እንደተባላችሁ ነግረሽኝ ነበር። ነገሩ ከልቤ ስላልወጣ፣ በማሊ ጄኔ ከተማ ስላለው ታላቅ መስጊድ ልጽፍልሽ ወደድሁ።

የመጀመሪያው መስጊድ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኮይ ኮንቦሮ የተባለው የከተማዋ ገዥ በሰለመ ጊዜ እንደተሠራ ይተረካል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የማሲና መንግሥት መሪ ሴኩ አማዱ ከተማዋን ከያዘ በኋላ ሕንፃው ተትቶ ዝናብ አፈረሰው። የአሁኑ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1907፣ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ሲሆን፣ ሥራውን የመራው የከተማዋ ግንበኞች አለቃ ኢስማኢላ ትራኦሬ ነው። የፈረንሳዮች እጅ አለበት የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አሠራሩ ስለ ግንበኞቹ ይመሰክራል ባይ ነኝ።

ግድግዳው በፀሐይ በደረቀ የጭቃ ጡብ ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ ነው። በቂብላው (ሰጋጆች ፊታቸውን ወደ መካ በሚያዞሩበት) በኩል፣ ወደ ምሥራቅ፣ ሦስት ግዙፍ ማማዎች ቆመዋል፤ በጫፎቻቸውም የሰጎን እንቁላል ተቀምጧል። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ ያለውን የሰጎን እንቁላል ስለማውቅ፣ ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያሉት የዘንባባ እንጨቶች ጌጥ ብቻ አይምሰሉሽ፤ መራጊዎቹ የሚወጡባቸው መወጣጫም ናቸው። ጣሪያውን የተሸከሙት 90 ወፋፍራም ዓምዶች ሲሆኑ፣ በላዩ ያሉት የሸክላ ክዳኖች ሲነሡ የታፈነው ሙቀት ይወጣል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ምርጊቱ ነው። በየዓመቱ ከተማው በሙሉ ይወጣል፦ ከሩዝ ገለባ ጋር የተቦካው ጭቃ ለቀናት ከሰነበተ በኋላ ልጆች ይረግጡታል፣ ሴቶች ውኃ ያመላልሳሉ፣ ወጣቶች ጭቃውን ተሸክመው ይሮጣሉ፣ ግንበኞቹም በእንጨቶቹ ላይ ተንጠላጥለው ይመርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከከባድ ዝናብ በኋላ ከማማዎቹ የአንዱ ክፍል ተደርምሶ ነበር፤ መልሰው ሠሩት። ድንጋይና ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ የዛሬው ልጅ የአያቱን ሙያ ከየት ይማር ነበር?

አያትሽ ቤቷን ስትመርግ ጭድና ጭቃውን አብረሽን ትረግጪ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እስቲ የመስጊዱን ግድግዳ ንድፍ ሠርተሽ ላኪልኝ፤ እንጨቶቹ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘልቁ አጥብቄ ማወቅ እሻለሁ።

አባትሽ