አስተማሪ ሳያየው የሚወጣ የመነጽር ማዘዣ

ለማስተማሪያ የዓይን ክሊኒኩ አስተባባሪ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ያልተሟላ የመነጽር ማዘዣ በታካሚዎች ላይ ስለሚያስከትለው ድርብ ወጪ ቅሬታ ስለማቅረብ

እኛ ስማችንና ፊርማችን በአባሪው የሰፈረው፣ በሐዋሳ ከተማ መነጽር ቤቶች ሌንስ የምንቆርጥና ፍሬም የምንገጥም፣ አንዳንዶቻችንም በኦፕቶሜትሪ (በእይታ ምርመራና በመነጽር ልኬት ሙያ) የተመረቅን ባለሙያዎች ነን። ከክሊኒካችሁ የሚወጣ ማዘዣ በየዕለቱ እጃችን ይገባል። በካርድ ዋጋ የሚወዳደራችሁ የለም፤ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ ሳይቀር ሰው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የሚመጣው ለዚሁ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መነጽርን ስለማይሸፍን ሌንሱንና ፍሬሙን የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ማዘዣው ከተበላሸ በካርዱ ያተረፋትን በሁለተኛ ሌንስና በሁለተኛ ትራንስፖርት መልሶ ያወጣታል።

አንዱን ወረቀት እንውሰድ። በቀኝ ዓይን መስመር ላይ «-2.00 / 1.50 × 18» ተጽፎ፣ ከ18 ቀጥሎ ከፍ ብላ ትንሽ ክብ አለች። የመጀመሪያው ቁጥር ስፌር፣ ማለትም ዋናው የሌንስ ኃይል፤ ሁለተኛው ሲሊንደር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጨመር እርማት፤ ሦስተኛው አክሲስ፣ ማለትም ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ማዕዘን ነው። ክቧ ዜሮ ናት ወይስ የዲግሪ ምልክት? ዜሮ ከሆነች አክሲሱ 180 ነው፤ የዲግሪ ምልክት ከሆነች 18። በአክሲስ 180 እና 0 አንድ መስመር ስለሆኑ ልዩነቱ 18 ዲግሪ ነው፤ በ18 ዲግሪ ከተሳሳትን ከ1.50ው ሲሊንደር 0.93 ያህሉ ሳይታረም ይቀራል፤ ማለትም ታካሚው የከፈለበት እርማት ከግማሽ በላዩ ከንቱ ነው። በአክሲስ ላይ የዲግሪ ምልክት አይደረግም የሚባለው ለዚህ ነው፤ በሦስት አኃዝ 018 ወይም 180 ተብሎ ቢጻፍ ክርክሩ ያበቃል።

እዚያው መስመር ላይ ከ1.50 ፊት ምልክት የለም። ከናንተ ዘንድ አንዱ በፕላስ ሲሊንደር፣ ሌላው በማይነስ ይጽፋል። ምልክቱ እስካለ ድረስ ሁለቱም ትክክል ነው፤ እኛ እንገለብጠዋለን። ምልክቱ ከሌለ ግን፣ አክሲሱን 180 ብንለው እንኳ፣ በ90 (በቁመቱ) መስመር ላይ የሚወጣው ኃይል ወይ -3.50 ነው ወይ -0.50። የሦስት ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ልዩነት በግምት አይሞላም። ገምቶ የሚቆርጥ መነጽር ቤት የለም አንልም፤ አለ። ሐቀኛው ታካሚውን ወደ እናንተ ይመልሰዋል፣ እሱም እንደ አዲስ ወረፋ ይይዛል።

ፒዲ፣ ማለትም በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት፣ በአብዛኞቹ ማዘዣዎች ላይ ባዶ ነው። «እናንተም መለኪያ አላችሁ» ብትሉን እውነት ነው፤ ሰውየው ፊታችን ከተቀመጠ እንለካለን። ነገር ግን ወረቀቱን ለዘመድ ሰጥቶ የሚልክ፣ ወይም አገሩ ገብቶ ሌንስ በሚገጥም ሱቅ የሚያሠራ ብዙ ነው። በሁለቱም ዓይን -6.00 የሆነና ፒዲው 58 ሚሊሜትር የሆነ ሰው ሌንሱ በ64 ቢገጠምለት በእያንዳንዱ ዓይን በ3 ሚሊሜትር ይስታል፤ ይህም በአንድ ዓይን 1.8፣ በሁለቱ 3.6 ፕሪዝም፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ጎን የማጣመም ኃይል፣ ነው። ፕሪዝሙ ዓይኖቹን ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ያስገድዳል፤ ዓይን ደግሞ ወደ ውስጥ መሰብሰብ እንጂ ወደ ውጭ መከፈት አይሆንለትም። ሰውየው «መነጽሩ ራሴን ያዞረኛል» ብሎ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሌንሱም ልክ ነው፣ የጎደለው በማስመሪያ የሚለካ አንድ ቁጥር ነው።

ከመነጽር ጋር የደረሰበት የእይታ መጠንም አይጻፍም። 6/6 (ሙሉ እይታ) ያነበበውና ከ6/24 (ሌላው በ24 ሜትር የሚያነበውን በ6 ሜትር ብቻ ከማንበብ) ያላለፈው ታካሚ አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ሁለተኛው መነጽሩን አድርጎ «አይታየኝም» ሲል ጥፋቱ የሌንሱ ይሁን የዓይኑ የምናውቅበት መንገድ የለንም። ትንሽ ቀዳዳ ባለው የዓይን መሸፈኛ ተሞክሮ እይታው ካልተሻሻለ ችግሩ ከመነጽር ውጭ ሊሆን እንደሚችል ተማሪዎቻችሁ በሚገባ ያውቃሉ። የሞራ ግርዶሽ ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው በየመነጽር ቤቱ ሲዞር ጊዜው ያልፋል።

የልጆቹ ነገር ከሁሉ ይብሳል። የልጅ ዓይን የማተኮር ጉልበቱ ብርቱ ስለሆነ የማተኮር ጡንቻውን የሚያስተኛ ጠብታ ሳይደረግለት ሲለካ ፕላስ ሌንስ የሚያስፈልገው ልጅ ዜሮ፣ አንዳንዴም ማይነስ ሆኖ ይወጣል። በማይነሱም ሰንጠረዡን ያነባል፤ እያነበበ ራሱን ያመዋል። ለዚህ የሚደረገው ሳይክሎፔንቶሌት 1 በመቶ አንድ ጠብታ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ፣ ከዚያም ከ30 እስከ 45 ደቂቃ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ጥቁር ዓይን ላይ ጠብታው ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ብሌኑ ሰፋ ማለትም የማተኮር ጡንቻው ተኛ ማለት አይደለም። ወላጆች «ጠብታ አልተደረገለትም» ወይም «አድርገውለት ወዲያው አዩት» ይሉናል። ምክንያቱ ወረፋ እንደሆነ እንገምታለን። ልጆቹን ጠዋት 2፡30 ላይ አስቀድሞ ጠብታ አድርጎላቸው፣ እነሱ ሲጠብቁ አዋቂዎቹን ማየት ቢቻል የሚባክን ሰዓት የለም። የልጁ ዓይን እስከ ማግስቱ ሊደበዝዝ እንደሚችልም ለወላጁ ይነገረው፤ ደንግጦ ወደኛ የሚሮጥ አለ።

ስኳር ያለበትን ታካሚ በተመለከተ ደግሞ፣ ስኳሩ ከፍ ባለበት ቀን የተለካ መነጽር ስኳሩ ሲወርድ ልኩ አይሆንም፤ ሌንሱን የሠራነው እኛ ብንሆንም። ስኳሩ እስኪረጋጋ ጥቂት ሳምንታት ቀጠሮ መስጠት ለእናንተ ቀላል ነው፣ ለእሱም አንድ መነጽር ያተርፍለታል።

ተማሪ መሳሳቱ ቅር አያሰኘንም። እኛም በሌላ ሰው ዓይን ነው የተማርነው። ቅር የሚያሰኘን ብዙዎቹ ማዘዣዎች የተማሪ ፊርማ ብቻ ይዘው መውጣታቸው ነው። የማስተማሪያ ክሊኒክ ርካሽ የሚሆንበት ስምምነት ተማሪው ይለካል፣ መምህሩ ያረጋግጣል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ሲቀር ታካሚው ርካሽ ሕክምና ሳይሆን መለማመጃ ሆነ ማለት ነው። የመነጽር ልኬት ከቀዶ ሕክምናው አነስ ተደርጎ የሚታይም ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ግን የእይታ መቀነስ ካለባቸው ሰዎች ሲሶው ምክንያቱ መነጽር ሊያስተካክለው የሚችል ጉድለት ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው፦ መምህሩ ቢያንስ ስፌሩንና አክሲሱን በሬቲኖስኮፕ (ብርሃን ወደ ዓይን አብርቶ በሚለካ መሣሪያ) ደግሞ አይቶ ይፈርም። ማዘዣው የታተመ ቅጽ ይሁንና የሲሊንደር ምልክት፣ አክሲስ በሦስት አኃዝ፣ የሩቅና የቅርብ ፒዲ፣ በመነጽር የደረሰበት እይታ፣ ጠብታ መደረጉና የምርመራው ቀን የራሳቸው ሳጥን ይኑራቸው፤ ባዶ ሳጥን ያለበት ወረቀት ማኅተም አይመታበት። ሲሊንደር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታዘዝለት ሰው የሙከራ ፍሬሙን አድርጎ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ይራመድ፤ ወለሉ ከተጣመመበት እዚያው ይታወቃል። መነጽሩ ያልተስማማው ታካሚም የማዘዣው ቀን በ30 ቀን ውስጥ ከሆነ ያለ አዲስ ካርድ፣ ያለ ወረፋ ይታይ። በመጨረሻም የማይነበብ ነገር ስናገኝ የምንደውልበት፣ በሥራ ሰዓት የሚነሳ አንድ ስልክ ይሰጠን።

በኛ በኩል፣ በእናንተ ማዘዣ የሠራነውን እያንዳንዱን መነጽር በሌንሶሜትር (የተሠራ ሌንስን ኃይል በሚለካ መሣሪያ) ለክተን የወጣውን ቁጥር በማዘዣው ጀርባ ላይ እንጽፋለን። ታካሚው ተመልሶ ሲመጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በአንድ እይታ ታውቁታላችሁ፤ የኛ ከሆነ ሌንሱን በራሳችን ወጪ እንቀይራለን።

በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር

አባሪ፦ የአመልካቾች ስምና ፊርማ፤ የታካሚዎች ስም የተሸፈነባቸው የማዘዣ ፎቶ ኮፒዎች
ግልባጭ፦ ለክሊኒኩ የታካሚዎች ቅሬታ ሰሚ ክፍል