ያቺን ብርድ ልብስ እንዳትጥያት

ልጄ፣

ትናንት ማታ የላክሽልኝ ፎቶ ደረሰኝ። «አባ፣ ይሄ አሮጌ ጨርቅ ከእማዬ ሣጥን ሥር ወጣ፤ ልጣለው?» ብለሻል። እንዳትጥዪው! ልደውልልሽ ብዬ ነበር። ግን እኔ ስልክ ላይ ወሬ ማሳጠር አልችልም፣ አንቺም ሥራ ላይ ነሽ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልሽ። አማርኛው ከከበደሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። አንቺ ስታነቢው የማይገባሽ ስትሰሚው ይገባሻል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፣ እንዳይምታታብሽ።

ያ ጨርቅ ብርድ ልብስ ነው። ብርድ ልብስ ከመሆኑ በፊት የአያትሽ፣ የእናትሽ እናት፣ እና የእህቶቻቸው ቀሚስ ነበር። ቀሚስ ከመሆኑ በፊት ደግሞ የዱቄት ከረጢት። እየቀለድኩ አይደለም። ያኔ እዚህ አሜሪካ ዱቄት የሚሸጠው በጥጥ ከረጢት ነበር። የገጠር እናቶች ስፌቱን እየተረተሩ ለልጆቻቸው ልብስ ይሰፉበታል። ዱቄት ፋብሪካዎቹም ይሄን ሲያዩ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከረጢቱ ላይ አበባ ማተም ጀመሩ። የፋብሪካውን ስም ደግሞ ሲታጠብ በሚለቅ ቀለም ይጽፉታል፣ የልጅቷ ጀርባ ላይ ማስታወቂያ ሆኖ እንዳይቀር። የአያትሽ እናት ሱቅ ሲሄዱ የሚመርጡት ዱቄቱን ሳይሆን አበባውን ነበር። ለአንድ ቀሚስ አንድ ከረጢት አይበቃም። ተመሳሳዩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚገኘው ከክምሩ ሥር ነው። ባለሱቁ እያጉረመረመ ክምሩን ሁሉ ያነሳል። አያትሽ ይቺን ሲያወሩ ማጉረምረሙን ጭምር ያስመስሉት ነበር።

አንቺ የምታውቂያቸው ካንሳስ፣ ዊቺታ ከተማ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ኤሲ ሥር ቁጭ ብለው የጋዜጣ ቃላት ጨዋታ ሲሞሉ ነው። እኔን ግን ልጅነታቸውን ነው ያጫወቱኝ። እንዴት እንደጀመርን ልንገርሽ።

በ1991 እናትሽ ለታንክስጊቪንግ፣ ለምስጋና በዓላቸው፣ ቤታቸው ወሰደችኝ። ተማሪ ነበርኩ። ጃኬቱን ከጓደኛዬ ነው የተዋስኩት። አያትሽ ድንች እየላጡ፣ «እናትህ በምንድነው የምታበስለው?» አሉኝ። አሁን እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። መንዝ ዛፍ የት አለና! ልጅነቴ ያለፈው ኩበት ለቀማ ነው። ግን እንዲያ ያለ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ «በከብት እበት» ማለት አፈርኩ። «በእንጨት» አልኩ። ውሸቴን ነው።

«እንጨት?» አሉ አያትሽ ቀና ብለው። «የታደላችሁ ናችሁ። እኛ ዛፍ የሚባል አልነበረንም። ኩበት ነበር የምናነደው።»

ምን ልበልሽ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በኋላ እውነቱን ነገርኳቸው። ድንቹን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ወሬያችን ሙያተኛ ለሙያተኛ ሆነ። የቱ ይጨሳል፣ የቱ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ከመታው በኋላ እንዴት ነው። ከማንሳትሽ በፊት በእግርሽ ገልበጥ አድርገሽ ታዪያለሽ፣ ከሥሩ ምን እንደተኛ አይታወቅማ። እሳቸውም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። እናትሽ ከሳሎን መጥታ «ይሄን ነግረሽን አታውቂም» አለቻቸው። «እናንተማ ትስቁብኝ ነበር» አሉ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ አንቱ እያልኩ ነው ያወራኋቸው።

የተወለዱት በ1927 ነው። ቦታው የካንሳስ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ሞርተን የሚባለው ካውንቲ፣ እንደኛ ወረዳ በዪው። በምዕራብ ኮሎራዶ፣ በደቡብ ኦክላሆማ ያዋስኑታል። አገሩ ሜዳ ነው፤ ዝናቡ ትንሽ፣ ነፋሱ ብዙ። በፊት የኮማንቼና የካዮዋ ሕዝቦች ጎሽ የሚያድኑበት የሣር ምድር ነበር። እነሱ በጦርነት ተገፍተው ወደ ኦክላሆማ ተወሰዱ፣ ገበሬው ገባ። ይሄንን አያትሽ አይደብቁትም ነበር። «የሰው ቤት ነው የገባነው» ይሉ ነበር።

አባታቸው ስንዴ ዘሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ ቡሼል ስንዴ፣ ማለት 27 ኪሎ ገደማ፣ ከ2 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ትራክተርም መጣ። ሁሉም ሣሩን ገለበጠው። ከዚያ ዋጋው ወደቀ፤ በ1931 ከ40 ሳንቲም በታች ገባ። ዋጋ ሲወድቅ ገበሬ ምን ያደርጋል? ዕዳ አለበት። ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት ብዙ ያርሳል። እነሱም ብዙ አረሱ። ዝናቡ የጠፋው ልክ ያን ጊዜ ነው። አፈሩን የሚይዝ ሥር አልቀረም፣ ነፋሱ አነሳው። አያትሽ አባታቸውን አይወቅሱም ነበር። ግን አይዋሹላቸውም ነበር። «አባቴ ጥሩ ሰው ነበር፣ ጥሩ አራሽም ነበር፣ መሬቱን ግን ገድሎታል» ነበር የሚሉት።

የአቧራውን ነገር እንዴት ብዬ እንደምገልጽልሽ አላውቅም። መስኮት ላይ እርጥብ አንሶላ ይሰቅላሉ። ሳህን የሚደረደረው ተደፍቶ ነው፤ ምግብ ሲቀርብ ብቻ ይገለበጣል። ጠዋት ሲነሱ ትራሱ ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ጭንቅላታቸው ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው። አየሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሞላ ሰው ሰውን ለመጨበጥ ይፈራል። መኪኖች ከኋላቸው ሰንሰለት እየጎተቱ ይሄዳሉ፣ ሞተራቸው እንዳይጠፋ። ላሞቹ የሚበሉት ሲያጡ ነፋስ የሚያንከባልለውን እሾሃማ አረም እያጨዱ በጨው አስቀመጡላቸው። በ1934 መንግሥት የተራቡትን ከብቶች ከገበሬው መግዛት ጀመረ። ለሥጋ የማይሆኑት እዚያው በጥይት ይገደላሉ። አያትሽ የሚያልቧት ላም አንዷ ነበረች። ይሄን ሲነግሩኝ ስሟን ጠርተው ነበር፤ የላሟን ማለቴ ነው።

ከሁሉም የባሰው ኤፕሪል 14 ቀን 1935 ነው። በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1927፣ ጣልያን አገራችንን ሊወር ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ቀኑ የነሱ ሆሳዕና ነው። ጠዋቱ ብራ ነበር፣ ነፋስ የለም። ሰው ሁሉ አንሶላውን አጥቦ አሰጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አያትሽ 8 ዓመታቸው ነው፣ ቢጫ አበባ ያለበትን ቀሚስ ለብሰዋል። ከሰዓት በኋላ ወፎች በመንጋ ወደ ደቡብ ሲበሩ አዩ። ከወፎቹ ኋላ ከመሬት እስከ ሰማይ ጥቁር ግድግዳ እየመጣ ነው። ድምፅ የለውም። ብርዱ ቀድሞ ደረሰ። ከዚያ የገዛ እጃቸውን ማየት አቃታቸው። እናታቸው ፋኖስ ለኮሱ፣ ፋኖሱ መብራቱ አልታይ አለ። ጎረቤታቸው ዓለም አለቀች ብላ ጮክ ብላ ትጸልያለች። «እኔስ?» አሉኝ አያትሽ፣ «እኔ ያሰብኩት ቀሚሴን ነበር።»

ታናሽ ወንድማቸው በዚያው ጸደይ ሳል ያዘው። የአቧራ ኒሞኒያ ይሉታል፣ የሳንባ ምች ማለት ነው። 3 ዓመቱ ነበር። ስለ እሱ የነገሩኝ አንዴ ብቻ ነው፤ እኔም ከራሴ አልጨምርበትም።

ሰው ያኔ ሁሉም ጓዙን ጭኖ ካሊፎርኒያ የገባ ይመስለዋል። አብዛኛው የትም አልሄደም። የአያትሽ አባትም ካንሳስን አልለቀቁም። በመጨረሻ መሬቱን ለመንግሥት ሸጠው ወደ ምሥራቅ ትንሽ ራቅ ብለው ሌላ እርሻ ተከራዩ። ያ ዘመን ደህና ነበር። አንድ ክፍል ትምህርት ቤት፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ያለው ሁሉ በአንዲት አስተማሪ። መብራት የገባላቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስልክ ግን ቀድሞ ነበራቸው። መስመሩ አንድ ነው፣ ለብዙ ቤት። የእያንዳንዱ ቤት አጠራር ይለያል፤ ሁለት ረጅም አንድ አጭር ከሆነ የነሱ ነው። በሌላው ሰው ጥሪም ቀስ ብለሽ አንስተሽ ማዳመጥ ትችያለሽ፣ ሁሉም ያደርገዋል። እኛ በደርግ ጊዜ ለዚህ ጆሮ ጠቢ እንቀጥር ነበር ብላቸው፣ «እኛማ በነጻ ነው» አሉኝ።

መንግሥት የገዛውን መሬት ሣር መልሶ ዘራበት። ዛሬ ሲማሮን ብሔራዊ የሣር ምድር ይባላል፣ ከ100,000 ኤከር በላይ ነው። አንቺም አይተሽዋል። አያትሽን ይዘን ሄደን ነበር። ከመኪና ወርደሽ ግራ ቀኝ አየሽና «እዚህ እኮ ምንም የለም!» አልሽ፣ ተናደሽ። ገና ልጅ ነበርሽ። እሳቸው ሣሩ ውስጥ ገብተው በእጃቸው እየዳሰሱት ብዙ ቆዩ። አንቺ አይስክሬም እያልሽ አስቸገርሽን።

እና ብርድ ልብሷን እንዳትጥያት። ማሽን ውስጥም እንዳትከቻት፣ ትበታተናለች። የእኔ እናት መንዝ የለበሱት ባና ቢተርፍልኝ ምን ነበረበት? አንድ ክር እንኳ የለኝም።

አንድ ነገር ግን አስቸግርሻለሁ። አያትሽ ከመሞታቸው በፊት ብርድ ልብሷን አልጋው ላይ ዘርግተው ቁርጥራጮቹን በጣታቸው እያሳዩ ነግረውኛል። ይቺ የታላቅ እህቴ፣ ይቺ የእኔ፣ ይቺ ቢጫዋ የዚያ ቀን። ከመሃል አንዷ የትንሹ ወንድማቸው ሸሚዝ ናት። አሳይተውኝ ነበር። የቷ እንደሆነች ጠፋኝ። ትናንት ፎቶሽን አጉልቼ አጉልቼ ፈለግኩ፣ ጨለማ ስለሆነ አልለይ አለኝ። በቀን መስኮት አጠገብ ዘርግተሽ እንደገና አንሺልኝ።

አባትሽ