የዓሣ አስጋሪዎቻችንን ጉበት እናስመርምር፦ ከአሞራ ገደል የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የሀዋሳ ልጆች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ፣ ጤና ይስጥልን።

ነገሩ የተነሣው ከአጎቴ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሐይቅ መረብ ጥሎ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። አንድ ንጋት አሞራ ገደል ዳር መረቡን እያፍታታ ሳለ ቁጢጥ አለና ደም አስታወከ። ጥቂት አልነበረም፤ መሬቱ ላይ የረጋውን ሊለቅሙ የመጡትን አሞራዎች ጓደኞቹ በመቅዘፊያ ሲያባርሩ ነበር። ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ በግራ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ «ድንጋይ የተሸከምኩ ይመስለኛል» ይለን ነበር። እኛ ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው» ብለን ሁለት ጊዜ ሥር አስጨምቀን አጠጣነው። ዓይኑ እንኳ ቢጫ አልሆነም፣ ግን ማን አስተዋለ?

ሐኪም ቤት ሲደርስ በአልትራሳውንድ የታየው ያበጠ ጣፊያና በጉበቱ ደም ሥሮች ዙሪያ የወፈረ ጠባሳ ነው። ቢልሃርዚያ።

ብዙዎቻችን ቢልሃርዚያን የምናውቀው በሆድ ቁርጠትና ደም በተቀላቀለበት ተቅማጥ ነው። በሽታውን የሚያመጡት ትሎች ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንጀት ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ፤ ሴቷ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከፊሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል፣ ከፊሉን ደም ጠርጎ ጉበት ውስጥ ይቀረቅረዋል። ሰውነት ያንን እንቁላል በጠባሳ ይከበዋል። ጠባሳው ዓመት በዓመት ሲደራረብ ከአንጀትና ከጣፊያ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም መንገዱ ይጠበዋል፤ መውጫ ሲያጣ በምግብ ቧንቧ ታችኛው ክፍል ባሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይዞራል። እነሱ ይወጠራሉ፣ ይወጠራሉ፣ አንድ ቀን ይፈነዳሉ። የአጎቴ ይኸው ነው። ሌላው ደግሞ ሆዱ ውኃ ይቋጥራል።

(በነገራችን ላይ ጥሬ ዓሣ ወዳጆች አትደንግጡ፤ ይህ ትል በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው የሚገባው። ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ እግሩን የነከረውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይበሳዋል። ከቀን ሁሉ የሚበዛው ደግሞ ፀሐይ ስትበረታ፣ ልጆቻችን ዋና የሚወርዱበት ሰዓት ነው።)

አጎቴ ተረፈ። ያበጡት ደም ሥሮች በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ታሰሩለት፣ ጫናውን የሚቀንስ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ርካሽ ክኒን በየቀኑ ይውጣል፣ ትሉን የሚገድለውን ፕራዚኳንቴልም ወስዷል። አሁን ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ዳር ቁጭ ብሎ የሌሎችን መረብ ይጠግናል። እዚያው ተቀምጦ ሳለ ነው አብረውት የቀዘፉት ሰዎች እየመጡ «የእኔንስ ማን አየው?» ያሉት። ይህ ጥሪ ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

በሐይቃችን ዙሪያ ቢልሃርዚያ እንዳለ፣ ዓሣ አስጋሪዎችንም እንደሚይዝ፣ ከዚህ በፊት የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የፕራዚኳንቴል ክኒን ዘመቻ ግን ለዓመታት ያተኮረው በተማሪዎች ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎችም በስፋት እንዲጨመሩ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ክኒኑ ደግሞ ትሉን ይገድላል እንጂ የቆየ ጠባሳን አይፍቅም፣ ሰውየው ነገ ሐይቅ ሲገባም እንደገና ከመያዝ አያድነውም። ስለዚህ ማወቅ የምንፈልገው ማን ትል እንዳለበት ብቻ አይደለም፤ የማን ጉበት የት እንደደረሰ ነው። ደም ከማስታወኩ በፊት።

ከሰፈራችን እድሮች፣ ከዓሣ አስጋሪዎችና በነፃ ሊያገለግሉን ፈቃደኛ ከሆኑ የጤና ባለሙያዎች ጋር የተነጋገርነው 300 አስጋሪዎችን መርምሮ ከዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ደግሞ ማየት ነው። የሰገራ ምርመራ፣ የጉበትና የጣፊያ አልትራሳውንድ፣ ከጣት ጠብታ ደም የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ። ሄፓታይተሱን የጨመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ክትባቱ በሀገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ዛሬ ቀዛፊ የሆነው ጎልማሳ በልጅነቱ አላገኘውም። ቫይረሱና ትሉ አንድ ጉበት ላይ ከተገናኙ ጉዳቱ ይብሳል፣ የቫይረሱ ጠባሳ ደግሞ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ሕክምናቸውም ለየቅል ነው። ሁሉንም «የወፍ» እያልን አንድ ላይ መጠቅለሉ ነው የጎዳን። ጥናቱ የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳያገኝ አይጀመርም፤ የማንም ውጤት ለእድርም ለጎረቤትም አይነገርም።

«ጥናት የፈረንጅ ሥራ ነው» የሚሉኝ አሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነው እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ እንደሚገድል የደረሰበት። ውኃ ዳር ቆሞ ያየውን የጠየቀ የሀገራችን ሰው ነው።

ገንዘቡ የሚውለው ለተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ፣ ለመመርመሪያ ዕቃዎች፣ ለመድኃኒት፣ ኢንዶስኮፒ ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ ለሕክምናና ለትራንስፖርት ነው። ለእኛ አበልም ደመወዝም የለውም። እድርተኛ ከሆናችሁ 100 ብር፣ ከቻላችሁ ከዚያ በላይ፤ ውጭ ያላችሁ ልጆቻችን አልትራሳውንዱን ብትይዙልን ትልቁ ሸክም ወረደልን። የምትሰጡት ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ብቻ ነው፣ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ወጪው በየወሩ እድሩ ግቢ ይለጠፋል።

አስጋሪዎች፣ ከእናንተ ብር አንፈልግም። ስም አስመዝግቡ፣ ከመረብ መልስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኑ። ሰገራ መስጠት ያሳፍረናል ላላችሁት፦ ዕቃው ክዳን አለው፣ ላዩ ላይም የሚጻፈው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም።