ይድረስ ለታዴ

እንደምን ከርመሃል? ጠፍቼብሃለሁ። ስልክህንም አላነሳሁም፤ ለሱ ሰበብ አልደረድርም። ቅጣቱ አንድ ክትፎ ይሁንና ይለፈኝ። «ሲቸግርህ ብቻ ነው የምታስታውሰኝ» ማለትህ አይቀርም፤ በላ፣ እውነትህን ነው።

ለጀማሪ ተከላካይ ጠበቆች፣ በዱር እንስሳት ክስ የቅጣት አስተያየት አጻጻፍ ላይ አንድ ጽሑፍ ይዣለሁ። ልጆቹ «ደንበኛዬ ደሃ ነው፣ የልጆች አባት ነው፣ ሪከርድ የለበትም» ብለው ይቀመጣሉ። ማስረጃ የለ፣ ምን የለ። ዳኛው ምን ይዞ የቅጣቱን እርከን ዝቅ ያድርግ?

የ1999ኙን የዱር እንስሳት አዋጅ 541 ታውቀዋለህ፦ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም። ጉዷ ያለው «ወይም» ላይ ነው፤ ገንዘብ ያለው ከፍሎ ቤቱ ይገባል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 90 መቀጮ ሲወሰን ኑሮና የቤተሰብ ሸክም ይታይ ይላል፤ ይህ የሚታየው ግን የቀበሌ ደብዳቤው የመሬቱን ስፋት፣ የቤተሰቡን ቁጥርና ገቢውን ከጻፈ ነው። ሁሉም የሚረሱት ደግሞ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ወር ነው። የቅጣት ማቅለያዎችን የሚዘረዝረው የዚሁ ሕግ አንቀጽ 82/1/ሐ የሚያነሳው ሰውየው ድርጊቱን ሲፈጽም የነበረበትን ከባድ ችግር ነውና፣ ያኔ ጎተራው ባዶ እንደነበር፣ የሴፍቲኔት እርዳታው እንዳልደረሰው መታየት አለበት። «ደሃ ነው» ብቻውን እዚህ አያደርስም።

82/1/ሀም ያታልላል። መልካም ጠባይን ብቻ ሳይሆን አለማወቅን ወይም የዋህነትንም ይጠቅሳል። ስለዚህ ሪከርድ እንደሌለበት የሚያሳየው የፖሊስ የጣት አሻራ ውጤት ብቻ አይበቃም፤ የፓርኩ ወሰን ምልክት ነበረው ወይ፣ ለሰውየው የነገረው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ገደብም (ቅጣቱ ሳይፈጸም ታግዶ እንዲቆይ) እዚያው ወረቀት ላይ ይጠየቅ፤ ፍርዱ ከተነበበ በኋላ መንጫጫት ምን ዋጋ አለው?

የዝሆን ጥርስ ተሸካሚው ላይ ስደርስ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እጄ ይያዛል። እሱም ደሃ ነው፣ እሱም የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው። ኬንያ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ ለእንዲህ ያለው ጥፋት 20 ሚሊዮን ሽልንግና ከዚያ በላይ ወይም ዕድሜ ልክ እስራት ስትደነግግ፣ ተሸካሚና ነጋዴ አንድ ሚዛን ላይ ወጡ። እኔ ድርሻው ይለይ ባይ ነኝ፦ መሣሪያውን ማን ሰጠ፣ ትራንስፖርቱን ማን ቻለ? በድህነት ስም ደላላውን ማስመለጥም አልፈልግም።

አሁን ወዳንተ ሙያ፣ ወደ ወጥመዱ። የኤግዚቢት (የተያዙ ማስረጃ ዕቃዎች) ዝርዝሩ ሁሌ «የሽቦ ወጥመድ» ብሎ ያልፋል፤ ብዛት የለ፣ ውፍረት የለ፣ የተገኘበት ቦታ የለ። እርሻ ዳር ለድኩላ ሁለት ሦስት ያጠመደና ወደ ውሃ በሚወርደው መንገድ ላይ የፍሬን ሽቦ በረድፍ የዘረጋ እኩል ሆነው ይቀርባሉ። ስንት ዓመት ወጥመድ ስትነቅል የኖርክ ሰው ነህ፤ ለቤቱ ያጠመደውን ከሸያጩ በምን ትለያለህ? ቋጠሮው ይናገራል? የደረቀ ሥጋ መገኘቱስ ምን ያህል ያሳያል?

በድምፅ መልእክትም ቢሆን እስከ ሐሙስ ላክልኝ። ስድብህንም እዚያው ጨምረው።

ያው የድሮው ወንድምህ