ቡሹን ሁሉ ለምን እንደማናጠነክር፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ጤና ይስጥልን። ወደ ጋራዣችን ከሚመጡት የድሮ ላንድክሩዘሮችና ላንድሮቨሮች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ሕመም ይዘው ነው የሚመጡት። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይጎትታሉ፤ ጉድጓድ ሲገቡ ከሥር ይንኳኳሉ፤ የፊት ጎማቸውም በአንድ ወገን ይበላል። ፈተን ስናየው የጎማ ቡሹ (ብሎን የሚያልፍበት፣ የመኪናውን የእግር ክፍሎች የሚያያይዘው ልስልስ ማያያዣ) ተሰነጣጥቆ ወይም ከነጭራሹ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። ከዚያ የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሁሉንም በጠንካራ ፕላስቲክ ቶርኑልኝና (በቶርኖ ማሽን እያዞራችሁ ቅረጹልኝና) አንዴ ልገላገል።» እኛ ግን አንዳንዱን እንሠራለን፣ አንዳንዱን አንሠራም። በዚህ ቅር ያላችሁ ስላላችሁ ምክንያቱን በዝርዝር ልንነግራችሁ ወደድን።

ፋብሪካ የሚሠራው የጎማ ቡሽ የውጭ ብረት፣ የውስጥ ቱቦ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የተጋገረ ጎማ ነው። ብዙ ሰው የውስጡ ቱቦ ብሎኑ ላይ የሚዞር ይመስለዋል፤ አይዞርም። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ከመያዣው ጋር ይቆለፋል፣ እንቅስቃሴውን ሁሉ የሚችለው ጎማው እየተጠመዘዘ ነው። ስለዚህ ብሎኑ የመጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናው በአራት እግሩ መሬት ቆሞ፣ ክብደቱን ተሸክሞ ነው። በክሪክ ተሰቅሎ፣ አክስሉ (የግራና የቀኝ ጎማ የሚያያዝበት ወፍራም ዘንግ) እንደተንጠለጠለ ከጠበቀ ግን መኪናው ገና ሲወርድ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመታው እያንዳንዱ ጉድጓድ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው። ውድ ዋጋ የተከፈለበት ኦሪጅናል ቡሽ በአጭር ጊዜ ሲቀደድ ሻጩ ይወቀሳል እንጂ አገጣጠሙን የሚጠይቅ የለም።

ወደ ጠንካራው ፕላስቲክ እንምጣ። የምንጠቀመው ፖሊዩሪቴን ነው። የፋብሪካ ጎማ በጥንካሬ መለኪያው ሾር ኤ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ሲሆን፣ እኛ የምንቶርነው ከ80 እስከ 90 ያለውን ነው። ዘይትና ናፍጣ ሲነካው እንደ ጎማ ቶሎ አያብጥም። ከቱቦው ጋር ስላልተጣበቀም በቱቦው ላይ ይዞራል። ባሌስትራ (ከተደራረበ ዝርግ ብረት የተሠራው ስፕሪንግ) ላይ ይህ በጣም ጥሩ ነው፤ የባሌስትራ ዓይንና ሻክል (የባሌስትራውን ጫፍ ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ተወዛዋዥ ማንጠልጠያ) በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚወዛወዙ ቡሹ ሲጠነክር አክስሉ ቦታውን ይይዛል፣ መሪውም ይረጋል። ላንድክሩዘር 75 ያላችሁ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ስለሆነ ሙሉውን በልበ ሙሉነት እንሠራላችኋለን።

እምቢ የምንለው የራዲየስ አርሙን (የፊት አክስሉን ከሻንሲው፣ ማለትም ከመኪናው ዋና የብረት አካል ጋር የሚያያይዘውን ረጅም ክንድ) ቡሽ ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ላንድክሩዘር 78ና 79 ከፊት በኮይል (በተጠቀለለ) ስፕሪንግ የቆሙ ናቸው፤ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ላንድሮቨር 110ም እንዲሁ። በእነዚህ ላይ እያንዳንዱ አርም አክስሉን በሁለት ብሎን ይይዘዋል፣ በሌላው ጫፍ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ከአስፋልት ወጥታችሁ ወደ ገጠር ስትገቡ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ጉድጓድ ይገባል። ያኔ ሁለቱ አርሞች አክስሉን እንደ እርጥብ ጨርቅ ሊጨምቁት ይታገላሉ፤ ለዚህ ትግል መላ የሚሰጠው የቡሹ ጎማ መለስለስ ብቻ ነው። እሱን ካጠነከርነው ኃይሉ አይጠፋም፣ ወደ መያዣው ብረትና ወደ ብየዳው ይሄዳል። የተሰነጠቀ የአክስል መያዣ ከቡሽ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም፤ ደግሞም የሚሰነጠቀው ጋራዥ በሌለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ለዚያ ቦታ የጎማ ቡሽ ገዝታችሁ አምጡ፣ በፕሬስ (በመጫኛ ማሽን) አስገብተን በትክክለኛው ቁመቱ እናጠብቅላችኋለን። ከዚህ ሥራ የምናገኘው ከቶርኖው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም በዚህ አቋማችን እንጸናለን።

ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው ቡሽም ይጠየቃል። በውስጡ ክርና ሽቦ አለ፣ ከቱቦው ጋርም አይጣበቅም፤ ቸግሯችሁ መንገድ ላይ ከሆነ ቤት ያደርሳችኋል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ናይለን ውኃ እየጠጣ ስለሚያብጥ በክረምት ብሎኑን ያንቀዋል። ቴፍሎን ደግሞ ክብደት ሲጫነው ቀስ እያለ ቅርጹን ይለቃል።

«ዛሬውኑ አድርሱልኝ» ለምትሉንም ምክንያታችንን እንንገራችሁ፤ በተለይ ከደሴ ወርዳችሁ በዚያው ቀን ልትመለሱ የምታስቡ። ፖሊዩሪቴን ከጎማ ቢጠነክርም ከብረት አንጻር ለስላሳ ስለሆነ ከቶርኖው ስለት ይሸሻል፤ ስለዚህ የፕላስቲኩን ዘንግ አቀዝቅዘን፣ በጣም በተሳለ ስለት ጥቂት በጥቂት እንልጠዋለን። ሙቀትና ቅዝቃዜ ከብረት እጅግ በበለጠ ስለሚያሰፋውና ስለሚያጠበው፣ ከማሽኑ እንደወረደ በካሊፐር የተለካው ልክ አይታመንም። አድሮ የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ ነው የምንለካው። የውስጡን የብረት ቱቦ ከፕላስቲኩ በጥቂቱ አስረዝመን እንቆርጠዋለን፤ አለዚያ ብሎኑ ቱቦውን ትቶ ፕላስቲኩን ይጨብጥና ቡሹ መዞር ያቅተዋል፣ ዳዶውም ይላላል። ቡሽ የትም ብታሠሩ ይህችን አንዲት ነገር እዩ።

የድሮውን ቡሽ በእሳት አቃጥለው የሚያወጡ አሉ። ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው፣ ሙቀቱም የባሌስትራውን ጥንካሬ ይገድለዋል። እኛ በፕሬስ እናወጣዋለን፣ እምቢ ካለ በሴጌቶ ሰንጥቀን።

ከተገጠመ በኋላ «ሲጥ ሲጥ» ካለ ደርቋል ማለት ነው፤ የሲሊኮን ግራሶ ይፈልጋል። ተራውን ግራሶ አትቀቡት፤ ቶሎ ይታጠባል፣ አጠገቡ ያለውንም ጎማ ይጎዳል። ባሌስትራ የተፈታለት መኪና ጥቂት ከሠራ በኋላ ዩ ቦልቱ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ቆልማማ ብሎን) እንደገና መጥበቅ አለበት። ለዚህ ገንዘብ አንጠይቅም፣ ብቻ ብቅ በሉ።

ስትመጡ የተሰባበረም ቢሆን የድሮውን ቡሽ ከነብሎኑ ይዛችሁ ኑ። ብሎኑ ተበልቶ ከሆነ አዲስ ቡሽ ብቻውን መንኳኳቱን አያቆመውም። ለሰኞ የባቲ ገበያ የምትጭኑ ደግሞ ቅዳሜን አትጠብቁ፣ ሐሙስ አስገቡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡና የቶርኖ ቤቱ ሠራተኞች
ኮምቦልቻ